የቶኪዮው ካልሲ

የሮሙን ባዶ እግር የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ለእኛ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ በሆነችው ምሽት፣ አበበ ቢቂላ አዲሱ ጫማ አልመች ብሎት በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ከዚያች ምሽት ወዲህ ያ ባዶ እግር ተገጥሞለታል፣ ተዘፍኖለታል፣ ተስሏል፣ በየመጽሐፉ ሽፋን ላይ ታትሟል። የቶኪዮውን ካልሲ ግን ማን ያስታውሳል? ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ያው አበበ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጎ ያንኑ ርቀት በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ። ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጠነ ማለት ነው። ሦስቱን ደቂቃ የሰጠው ካልሲው ነው ብዬ አንባቢን ላሞኝ አልተነሣሁም፤ በሁለቱ ሩጫዎች መካከል የአራት ዓመት ልምምድ አለ። ነገር ግን የሁለቱን ውድድሮች ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል፤ ባዶው እግር እንዲህ ሲዘመርለት የለበሰው እግር ስለምን ተረሳ?

እንግዲህ ስለ ካልሲ ልጽፍ ነው። ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ካልሲ ምኑ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ የቺሊው ባለቅኔ ፓብሎ ኔሩዳ እ.ኤ.አ. በ1956 በታተመው የውዳሴ ግጥሞቹ መድበል ውስጥ አንዲት ወዳጁ በእጇ ሠርታ ለሰጠችው ጥንድ የሱፍ ካልሲ ሙሉ ግጥም መቀኘቱን አስታውሼ አልፋለሁ። እርሱ ውበታቸውን ገጠመ። የእኔ ጉዳይ ከውበት ይልቅ ወደ ውሃ ያደላል።

በአንድ ባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እየቆጠርኩ የምኖር ሰው ነኝ። የሥራ ልብሳችን፣ እንደምታውቁት፣ ሱፍ ነው። ከላይ ሱፍ ለብሰን ከታች ስስ ጥቁር የናይለን ካልሲ እናደርጋለን፤ ወንበር ላይ ለሚውል እግር ይበቃዋል፣ ቅሬታ የለኝም። እሑድ ግን ተራራ እወጣለሁ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ፣ ወደ መናገሻ ሱባ ደን፣ ወደ የረር፣ ወደ ዝቋላ፣ የጉዞ ገንዘብ ሲገኝ ደግሞ ወደ ወንጪ። ወጣቱ «ሃይኪንግ» እያለ የሚጠራው ይህ የእግር ጉዞ ባለፉት ዓመታት በአዲስ አበባ እጅግ ተስፋፍቷል፤ እሑድ በማለዳ ሚኒባስ ተከራይተው የሚወጡ ቡድኖችን ማየት ብርቅ አይደለም። በእነዚህ ጉዞዎች ላይ የሰማሁት የጫማ ወሬ ቢጻፍ መጽሐፍ ይወጣዋል። ሶሉ፣ ቆዳው፣ ውሃ ያስገባ አያስገባ እንደሆነ፣ ማን ከየት እንዳመጣው፣ በስንት እንደተገዛ። ስለ ካልሲ ማንም አይጠይቅም። የወር ደመወዝ ሩብ በፈጀ ጫማ ውስጥ ከመንገድ ዳር ሦስቱ በአንድ ዋጋ የተገዛ የጥጥ ካልሲ ይገባል። ለድንኳን ደጃፍ የብረት በር እንደመግጠም ነው።

አቋሜ አጭር ነው። ካልሲ የሚመረጠው በብርድና በሙቀት እየመሰለን ሲበርድ ወፍራም፣ ሲሞቅ ስስ እንላለን። መጠየቅ ያለበት ውሃው ነው። በዚህ ወቅት፣ በዚህ መንገድ፣ እግሬን የሚያርሰው ከውጭ የሚመጣ ዝናብና ጤዛ ነው ወይስ ከውስጥ የሚወጣ ላብ? አንዴ ከራሰስ መቼ ይደርቃል? ይህን የመለሰ ሰው ካልሲውን መርጧል። ውፍረቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ዝርዝር ነው።

ውስጥ እግራችን ከሰውነታችን ሁሉ የላብ ዕጢዎች እጅግ ከተጠጋጉባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ሰማዩ ቢደርቅም ጫማ ውስጥ ሁልጊዜ ካፊያ አለ። ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ ፈጥኖ ይወስዳልና እርጥብ ካልሲ የፈለገውን ያህል ቢወፍር ብርድ ነው። ሁለተኛው ጥፋት በቆዳው ላይ ይደርሳል። የራሰ ቆዳ ይለሰልሳል፣ ከጨርቁ ጋር ይጣበቃል። በእያንዳንዱ እርምጃ አጥንቱ ከውስጥ ወደ ፊት ሲሄድ ቆዳው ከጨርቁ ጋር ወደ ኋላ ይቀራል። ይህ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም የቆዳው ንብርብሮች እርስ በርሳቸው ይላቀቁና በመካከላቸው ፈሳሽ ይሞላል። አማርኛችን ይህን ሲጠራ እንዴት ያምራል! «እግሬ ውሃ ቋጠረ» ይላል። ገጣሚ ስንኝ ይቋጥራል፣ ተረከዝ ውሃ ይቋጥራል፤ ሁለቱም የሚቋጠሩት ብዙ ከታሸ ነገር ነው። ልዩነቱ የተረከዙን ማንም አያነብልህም።

ጥጥን መንቀፍ ለኢትዮጵያዊ ይከብዳል። ነጠላችን ጥጥ፣ ኩታችን ጥጥ፣ ጋቢያችንና ቡልኳችን ጥጥ። የእናቶቻችን እንዝርት ዕድሜውን የጨረሰው ጥጥ ሲያሾር ነው። ደረቅ ጋቢ ተከናንቦ ምድጃ ዳር እንደመቀመጥ ያለ ምቾት በበኩሌ አላውቅም። ያንኑ ጋቢ ግን ዝናብ ያግኘው! ጋቢ አጥቦ ያሰጣ ሰው ክብደቱን ያውቀዋል፤ ሁለት ሰው በሁለት ጫፍ ይዞ ካልጠመዘዘው አይጨመቅም። የጥጥ ጭረት ውሃውን እስከ ውስጡ ይጠጣል፣ ጠጥቶም ይተኛል። በክሮቹ መካከል የነበረው፣ ሙቀት ይዞ የሚያቆየው አየር ቦታውን ለውሃ ለቅቆ ይወጣል። የመንዝ እረኛ ይህን ከማንኛውም የጨርቅ ሊቅ ቀድሞ ያውቃል። ጉምና ብርድ ወዳለበት አምባ ሲወጣ የሚመርጠው ከበግ ጠጉር የተሠራውን ባና ነው። የበግ ጠጉር ጥምዝምዝ ስለሆነ አየር አምቆ ይይዛል። ከክብደቱ ሲሦ የሚጠጋ እርጥበት በጭረቱ ውስጥ ውጦ እንኳ በእጅ ሲዳስሱት እርጥብ አይመስልም፤ ርሶም ሙቀቱን ጨርሶ አይጥልም። ሽታም ቶሎ አይዝም፤ ድንኳን የሚጋሯችሁ ሰዎች ስለዚህ ያመሰግኗችኋል።

በዚህ ቦታ ላይ አንድ ዜና ካላነሣሁ ቅር ይለኛል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1924 ከጆርጅ ማሎሪ ጋር ወደ ኤቨረስት ጫፍ ሲወጣ የጠፋው እንግሊዛዊው ወጣት አንድሩ ኧርቪን ለመቶ ዓመት የት እንደወደቀ ሳይታወቅ ቆየ። በመስከረም 2024 ከተራራው በስተሰሜን፣ በሮንግቡክ የበረዶ ግግር ላይ፣ አንድ አሮጌ የቆዳ ቦት ጫማ ተገኘ። በጫማው ውስጥ እግር፣ በእግሩ ላይ ካልሲ ነበር። የማን እንደሆነ የተናገረው ካልሲው ነው፤ ስሙ የተሰፋበት ትንሽ ቀይ ምልክት ነበረበት። ከሌላው ሰው ካልሲ ጋር እንዳይቀያየር ተብሎ የተሰፋ ይመስለኛል፤ አጣቢው እንዲያውቀው ያህል። እንዲህ ያለ መቃብር ላይ የሚጻፍ ስም ማን አስቦ ያውቃል? ይህን ዜና ካነበብኩ በኋላ ለብዙ ቀናት ካልሲዬን ሳጠልቅ ቀስ እል ነበር።

ወደ ወቅቶቻችን ልመለስ። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚቆየው ክረምት የካልሲ ፈተና ነው። የእንጦጦ ቀይ ጭቃ ከሶል ላይ ይጣበቃል፣ ሣሩ ከጉልበት በታች ያለውን ሁሉ ያርሳል፣ ውሃው በቁርጭምጭሚት በኩል ቁልቁል ይገባል። ያን ጊዜ ያ ውሃ የማያስገባ የተባለለት ጫማ ውሃ የማያስወጣም መሆኑ ይታያል። ለዚህ ወቅት የምመክረው መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ከቦት ጫማው አንገት ሁለት ጣት ያህል ከፍ የሚል የሱፍ ካልሲ ነው። ከሥሩ ደግሞ ስስ የፖሊስተር ካልሲ ይደረግ። የሁለቱ ጥቅም ማሞቅ ብቻ አይደለም፤ መፈተጉ በቆዳና በጨርቅ መካከል መሆኑ ይቀርና በጨርቅና በጨርቅ መካከል ይሆናል። ውሃ የሚቋጥር ከሆነ እነርሱ ይቋጥሩ! ሆኖም ጫማው ለሁለቱ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ጠባብ ጫማ ውስጥ ሁለት ወፍራም ካልሲ ጠቅጥቆ የሚወጣ ሰው የደሙን መንገድ ስለሚያጠብበው ከባለ አንድ ካልሲው ይልቅ ይበርደዋል። ጫማ ልትገዙ ስትሄዱ የምትወጡበትን ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በፌስታል የተቋጠረ ደረቅ መለወጫ ነው። ይህን ዓለም የተማረው በከባድ ዋጋ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምዕራቡ ግንባር ምሽግ ውስጥ ቀናትን በውሃ ቆመው ያሳለፉ ወታደሮች፣ በረዶ ሳይነካቸው፣ እግራቸው እየጠቆረና እየሞተ ብዙዎች ተቆረጡ። የብሪታንያ ጦር ካገኛቸው መፍትሔዎች ዋናው የሰለጠነ መድኃኒት አልነበረም፤ እግርን ማድረቅ፣ በዓሣ ነባሪ ዘይት ማሸትና ካልሲን በትእዛዝ መለወጥ ነበር። መኮንን እየተቆጣጠረ ካልሲ የሚለወጥበት ጦር! እኛ ደግሞ ምሳ ሰዓት ላይ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ካልሲ መለወጥ እንደ ሴሰኝነት ሳይሆን እንደ ቅምጥልነት ስለሚታይብን እያፈርን እንተወዋለን። እኔ አላፍርም። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እለውጣለሁ፣ የራሰውን ከቦርሳዬ ውጭ አንጠለጥላለሁ፣ የሚስቁብኝም ወደ ማታ ገደማ ትርፍ እንዳለኝ ይጠይቁኛል።

የክረምት ሌላው መከራ ማድረቅ ነው። የሱፍ ካልሲን በፈላ ውሃ ያጠበ ሰው ለሕፃን የሚሆን ካልሲ ያተርፋል፤ ጠጉሩ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ይጨማደዳል። ለብ ባለ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ፣ ተገልብጦ፣ ሳይታሽ ይታጠባል፤ ሳይጠመዘዝ ተጨምቆ ይሰጣል። ከሰል ምድጃ ላይ የሚያሰጡም አሉ፤ የፖሊስተሩ እንደ ሻማ ይቀልጣል። ባለፈው ክረምት ለአራት ቀን አልደርቅ ብሎኝ ገመድ ላይ የተንጠለጠለውን ካልሲዬን በመስኮት እያየሁ የሞነጫጨርኳትን ላካፍላችሁ፤

ጫማ ስሙ ወጥቶ፣ መንገድ ተዘፍኖለት፣
ማን ለካልሲው ብሎ፣ ስንኝ ቋጠረለት?
ውሃውን ተሸክሞ፣ ድንጋዩን ችሎለት፣
ማታ ይሰቀላል፣ ወንጀል ሳይገኝበት።

መፀው ሲገባ ሰማዩ ይጠራል፤ ብዙ ሰው ጉዞ የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው። የዚህ ወቅት ውሃ ተንኮለኛ ነው፤ ጤዛ ሆኖ ሌሊት ይተኛና ማለዳ ይጠብቃችኋል። ፀሐዩን አምኖ አጭር ስስ ካልሲ ያደረገ ሰው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይደርስ እስከ ቅልጥሙ ይርሳል። በዚያ ላይ ጭጎጎቱ አለ። የመስከረምና የጥቅምት ጭጎጎት ለላላ ሹራብ ካልሲ ያለው ፍቅር የተለየ ነው፤ አንዴ ከገባ ክሩን ካልመዘዘ አይወጣም። ፊቱ ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ ካልሲ ይሻላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ያመጣሉ። አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ስድስት ተኩል ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። አዲስ አበባን በ2,350 ሜትር ገደማ ብንወስድ፣ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ የሚያድር ሰው ከእኛ ሌሊት ስምንት ዲግሪ የሚቀንስ ሌሊት ያድራል፤ የኅዳርን ሌሊት ስምንት ዲግሪ ስትቀንሱለት የት እንደሚደርስ ባንክ ቤት መሥራት ሳያስፈልግ ይሰላል። ለዚህ ሌሊት አንድ ጥንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ለብቻው ይያዝ፤ አይራመዱበት፣ ጭስም አይንካው፤ ለመኝታ ብቻ። ቀን የዋለውን ካልሲ አድርጎ የሚተኛ ሰው የቀኑን ላብ ታቅፎ ያድራል።

ስለ በጋው ብዙ አልልም። ወደ አዋሽ ወይም ወደ አፋር ቆላ ለሚወርድ ስስ፣ ላብን ቶሎ የሚያተን፣ አንገቱ ግን አቧራና እሾህ የሚከለክል ካልሲ ይበቃል። ስስ ሱፍ በሙቀት አይሆንም የሚሉ አሉ፤ ሞክሬዋለሁ፣ ይሆናል። ጥጥም ይቅርታ የሚያገኘው እዚህ ነው፤ በደረቅ ሙቀት፣ በአጭር ሜዳማ መንገድ፣ ማታ ቤት ለሚገባ ሰው። ፀደይን ደግሞ፣ የበልጉ ዝናብ ቀጠሮ የማያከብር ስለሆነ፣ የሁለቱንም ያዙ ብዬ አልፈዋለሁ።

ገበያው ላይ ችግር አለ። «ሱፍ ነው» የሚባልላችሁ ካልሲ አብዛኛውን ጊዜ አክሬሊክ ነው፤ ሲዳብሱት ይለሰልሳል፣ ወፍራም ነው፣ ዋጋውም ልብ ያማልላል። ምልክቱን ማንበብ የመጀመሪያው ሥራ ነው። መቶ በመቶ ሱፍ ካላገኛችሁ አትዘኑ። ሱፍ ብቻውን ተረከዙ ላይ ቶሎ ይሳሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1935 የተፈጠረው ናይለን ጥንካሬ፣ በ1958 የተፈጠረው ተለጣጭ ክር ደግሞ ቅርጽ ይሰጡታል። ከግማሽ በላይ ሱፍ ሆኖ የቀረው ከእነዚህ ከሆነ ጥሩ ነው። ምልክት ከሌለው አንዲት ክር መዝዛችሁ ክብሪት አስነኳት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ስስ አመድ ይሆናል። ሰው ሠራሹ ይቀልጥና ጠንካራ ዶቃ ያወጣል። ሱፍ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቁለትም ራሱ ይጠፋል። በሰልባጅ ክምር ፊት ቆሜ ይህን ፈተና ላድርግ ብዬ የጠየቅሁት ነጋዴ መጀመሪያ ፖሊስ ሊጠራብኝ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ጎረቤቶቹን ጠርቶ አሳያቸው።

አሁን ወደ ባዶው እግር ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እርሱ ነውና። ባዶ እግርን የምናወድስ ገጣሚያን ብዙ ነን። መሬትን መንካት፣ ከአፈር ጋር መነጋገር፣ የአባቶች ዱካ፣ ወዘተርፈ። የምናወድሰው ግን ጫማ አድርገን ነው። በእንጦጦ መንገድ እኛ በካልሲያችን ሽቅብ ስንወጣ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶች አሉ፤ ከመካከላቸው በኮንጎ ጫማ፣ በተበጠሰ ሸራ፣ አንዳንዴም በባዶ እግራቸው የሚወርዱ አሉ። ወገባቸው እስኪነካ የጎበጡትን እነዚህን ሴቶች ወደ ዳር ቆመን እናሳልፋቸውና «ጥንካሬያቸው!» እንላለን። የደጋችን ቀይ አፈር የሚያደርገውን ብናውቅ አንልም ነበር። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ይህ አፈር ረቂቅ የማዕድን ብናኝ አለበት። ብናኙ ለዓመታት በባዶ እግር ቆዳ ውስጥ እየሰረገ፣ ተጋላጭነቱ በደማቸው ባለ ሰዎች ላይ፣ የሰውነት ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ሥሮች ያቆስላል፤ እግሩ ቀስ በቀስ ያብጣል። ዝሆኔ እንለዋለን። ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን የሳይንስ ስም የሰጡትና ከአፈሩ ጋር ያለውን ዝምድና እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲያጠኑ የኖሩት ብሪታንያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እንዲያም ሆኖ በሽተኛው ከሠርግ፣ ከማኅበር፣ አንዳንዴም ከገዛ ቤተሰቡ ይገለላል። መከላከያው ምንድን ነው? እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ጫማ ማድረግ፣ ካልሲ ማድረግ። ይኸው ነው። በአንድ ጥንድ ካልሲና ጫማ ሊቀር የሚችል ሕመም በዕድሜ ልክ የሚያስገልልበት አገር ውስጥ ሆነን ባዶ እግርን ማወደስ ለእኔ ቅኔ አልሆን ብሎኛል። የአበበን የሮም ድል ማንም አይቀማውም፤ እርሱ ራሱ ግን ቶኪዮ ላይ ካልሲ አደረገ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ፣ መንዝ ውስጥ ወደ ጓሳ ሄጄ ነበር። ጭላዳው በሣሩ መካከል ተበታትኖ በሚግጥበት በዚያ ከፍታ ላይ ለማረፍ ተቀምጬ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ባና የተከናነቡ አንድ ሽማግሌ በጎቻቸውን እየነዱ መጡ። ኮንጎ ጫማ አድርገዋል፤ ተረከዛቸው ተሰነጣጥቋል። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ዓይናቸው ካልሲዬ ላይ ቀረ።

«ይሄ የምን ጠጉር ነው ልጄ?»

«የበግ ነው አባቴ።»

«የየት አገር በግ?»

«የአውስትራሊያ ይመስለኛል።»

ዞር ብለው በጎቻቸውን አዩ። «እኒህስ ምን አጠፉ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በኋላ ስመራመር ግን ከፊል መልስ አገኘሁ። የሜሪኖ በግ ጠጉር ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሃምሳኛ እጅ ገደማ ስለሆነ ቆዳን አይወጋም፤ የመንዝ በግ ጠጉር ሸካራ ነው፣ ይኮሰኩሳል። ለባና፣ ለምንጣፍ፣ ለብርድ ልብስ እንጂ ከገላ ጋር ለሚነካካ ነገር አይመረጥም። ነገር ግን ከሥሩ ስስ ካልሲ ካለስ? ከዚያ ጉዞ ስመለስ ይዤ የመጣሁትን በእጅ የተፈተለ ክር ለእናቴ ሰጠኋት። እናቴ የሹራብ መርፌዋን ከሃያ ዓመት በኋላ ከሣጥን አወጣች፤ «ለእግር ነው ወይስ ለአህያ ጭነት?» እያለች ሠራችው። ከባድ ነው፣ ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ያለ ስሱ ካልሲ ሊደረግ አይችልም። ሆኖም ሦስት ክረምት በእንጦጦ ጭቃ ውስጥ ተራምጄበታለሁ፤ ተረከዙ አልተበሳም፣ እግሬም አልበረደውም። ባለሙያ እጅ ቢነካው፣ ጠጉሩ ተመርጦ ለስላሳው ከሸካራው ቢለይ፣ ጥቂት ናይለን ቢታከልበት፣ ሊሸጥ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። ብድር የሚጠይቁ ሰዎችን የሥራ ዕቅድ በየዕለቱ አያለሁ፤ ከዚህ የባሰ ብዙ አይቻለሁ።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ውጊያ የጓሳንም የስሜንንም መንገድ ለእንደኔ ያለው እሑድ ተጓዥ አጥብቦበታል። እዚያ የነበሩት ሰዎች ግን አሁንም እዚያው ናቸው። ስሜን ተራሮች ላይ ጠብመንጃ ተሸክሞ ከእንግዳው ኋላ የሚራመደው ጠባቂ፣ በ4,000 ሜትር ብርድ ውስጥ ብዙ ጊዜ በኮንጎ ጫማ ነበር የሚራመደው፤ እንግዳው ሦስት ጥንድ ካልሲ በቦርሳው ይዞ። እንጦጦም ላይ፣ ሱባም ውስጥ፣ ወንጪም ፈረስ እየጎተተ የሚመራን ልጅ እግሩን ብታዩት ያው ነው። ለአገልግሎቱ ገንዘቡን ስንከፍለው አንድ ጥንድ የሱፍ ካልሲ ብንጨምርለት ምን ይጎዳናል? ግን አዲስ ይሁን፤ ከእነ ማሸጊያው፣ በእግሩ ልክ።